ያልተቆጠረው ምርቃት

በምሳ ሰዓት ወልድያ ውስጥ ለይላ ምግብ ቤት የሚገባ ሰው ባዶ ወንበር ይፈልጋል እንጂ ባዶ ጠረጴዛ አይጠብቅም። ሀስናና ባለቤቷ ሀጂ ሚስባህ በዚያ ቀን ገብተው ያገኟቸው ሁለት ክፍት ወንበሮችም መነጽር ያደረገ አንድ ወጣት ብቻውን የተቀመጠበት ጠረጴዛ ዙሪያ ነበሩ። ሀጂ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ወጣቱ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበላቸው። ስሙ ዓሪፍ ይባላል፤ ከእነሱ ከተማ ከመርሳ አጠገብ ያለችው የግራና ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የምግብ ሳይንስ ያስተምራል። ይህን ሁሉ ሀጂ ገና ሳይደላደሉ ጠይቀው አወቁ። የግራና ሰው ሲያገኙ አባቱን፣ አያቱንና የአያቱን የብርቱካን እርሻ ሳይጠይቁ ወደ ሌላ ወሬ አይሻገሩም።

ሀስና ግን በዚያ ቀን የማንንም አያት ወሬ ለመስማት ልብ አልነበራትም። በጠዋት ከመርሳ በሚኒባስ የመጡት ለሀጂ የሆስፒታል ቀጠሮ ነው። ሀጂ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። ምንም ሳይቀምሱ ደም ሰጥተዋል፤ ሐኪሙ ውጤቱን ይዞ የሚጠራቸው ከሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ሐኪሙ ሳይሸፋፍን ተናግሮ ነበር። «ስኳሩ አልወረደም፣ ክብደቱም አልቀነሰም። ወይ ክኒኑ አልበቃም፣ ወይ አበላልዎ እንደሚነግሩኝ አይደለም። በሚቀጥለውም እንደዚሁ ከሆነ መርፌ እንጀምራለን» ብሏል።

ከዚያ ወዲህ ሀስና የቤቷን ሥርዓት ቀይራ ነበር። ስኳሩን ከሻይ፣ ማሩን ከቁም ሳጥን አስወጣች። እራት በእሷ እጅ እየተመጠነ ይቀርባል። ሀጂ ብርቱካንና ማንጎ ይዘው ወልድያ በሚውሉባቸው ቀናት ምሳቸውን ለይላ ዘንድ ብቻ እንዲበሉ የወሰነችውም እሷ ናት፤ በለይላ የምግብ ዝርዝር ላይ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን የካሎሪው መጠን ታትሟልና። ሀጂ ማታ ሲመለሱ «ሽሮ ነው የበላሁት፤ ስድስት መቶ» ይሏታል። የመርሳው ፋርማሲ ሚዛን ግን ሰውየው እንደነበሩ ናቸው ይላል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ጨምረዋል ይላል። ሀስና ነገሩን ከዚህም ከዚያም አገላብጣ የደረሰችበት ድምዳሜ አንድ ነው። ሚዛኑ አይዋሽም፤ የታተመ ቁጥርም አይዋሽም፤ እንግዲህ የቀሩት ሀጂ ናቸው።

ይህን ድምዳሜ ይዞ ከሰው ጋር መኖር ቀላል አይደለም። ልጆች ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ድራ እስክትጨርስ ድረስ በአንዲት ነገር ያልዋሿት ሰው በስተርጅና በሆዳቸው ይዋሹኛል ብላ ማሰቡ ከብዷት ከርሟል። ዛሬ ግን ቆርጣለች። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ቀድማ «ተደብቀው ይበላሉ» ልትል ነው። ለሀጂ አልነገረቻቸውም። ባልን በሰው ፊት ማሳፈር ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፤ ቢሆንም ስኳሩ ዓይናቸውን ከሚያጠፋ እኔን ቢቀየሙኝ ይሻላል ብላለች።

አስተናጋጁ ትእዛዝ ተቀብሎ ሲሄድ ሀስና የምግብ ዝርዝሩን ወደ ዓሪፍ ገፋ አደረገችና ጣቷን ከሽሮው ጎን ባለው ቁጥር ላይ አሳረፈች።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ይህ ቁጥር ሐሰት ሊሆን ይችላል?»

ዓሪፍ መነጽሩን አስተካከለ። «እትዬ፣ ይህን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«እንዴት አንተ?»

«ከተማሪዎቼ ጋር ሆነን የዚህን ቤት ምግብ አንድ በአንድ መዝነናል። እንጀራውን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን ሳይቀር። ለይላን ፈቃድ ጠይቀን የሠራነው ነው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለች ሀስና፤ ወደ ባለቤቷ ሳትዞር። «እንግዲያው አላህ ምስክሩን እራሱ አመጣልኝ። ስድስት መቶ በልቶ፣ ማታ እኔ የመጠንኩለትን በልቶ፣ የማይከሳ ሰው አለ?»

«ሀስና» አሉ ሀጂ ቀስ ብለው፣ «ተይው፣ ልጁ ምሳውን ይብላ።»

«ይብላ፤ ማን ከለከለው። እየበላ ይመልስልኝ።»

ዓሪፍ አሁን ነገሩ የባልና ሚስት እንደሆነ ገባው፤ ያም ሆኖ ዝም ብሎ ማለፍ አልቻለም። ቁጥሩ የራሱ ልፋት ነበርና ልቡ ወደ ቁጥሩ አደላ። «በመሠረቱ አንድ ወፍራም ሰው በቀን ይህን ያህል ብቻ ከበላ መቀነሱ አይቀርም» አለና ድምፁን አለስልሶ ወደ ሀጂ ዞረ። «ሀጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከምሳ በኋላ መንገድ ላይ የሚቀምሱት ነገር ይኖር ይሆን? ሰው ሳያስበው ይቀምሳል።»

ሀጂ ቀና አሉ። «በገበያ ስኖር ሚዛኔን የተጠራጠረ ሰው የለም፤ አሁን ግን ሆዴን የሚመዝነው በዛ» አሉ። «ወላሂ፣ ከዚህ ቤት ምሳና ከሀስና እራት ሌላ፣ እሷ የምትሰጠኝን ብስኩት ካልሆነ፣ ወደ አፌ የሚገባ ነገር የለም።»

ሀስና ከቦርሳዋ የብስኩት ፓኬት አወጣች። ከደም ምርመራው በኋላ እንዳይደክማቸው ብላ የያዘችው ነበር። «በብስኩቱ አያሳብቡ። ይህ ለስኳር ሕሙማን የተሠራ ነው። ይኸው፣ ፊቱ ላይ መቶ ሃያ ይላል። አሥር ሰዓት ላይ እንዲበሉት በየቀኑ አንድ ፓኬት እሰጣቸዋለሁ፤ መቶ ሃያ ምን ያደርጋል?»

«ላየው?» አለ ዓሪፍ። ፓኬቱን ተቀብሎ ገልብጦ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋው፤ ከዚያም ጣቱን በስፌቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ጽሑፍ ላይ አድርጎ መልሶ ሰጣት። «ይህችን ያንብቧት።»

ሀስና ማንበብ የተማረችው በጎልማሶች የማታ ትምህርት ነው፤ ደቃቅ ፊደል አይሆንላትም። ፓኬቱን እያራቀች እያቀረበች አነበበች። አንድ ድርሻ ሦስት ፍሬ ነው ይላል። በፓኬቱ ውስጥ አራት ድርሻ አለ ይላል። መቶ ሃያው የአንዱ ድርሻ ነው።

«እና ፓኬቱ ሁሉ?»

«አራት መቶ ሰማንያ።»

ሀስና ፓኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ታዲያ ለምን በትልቁ አልጻፉትም?»

«እኔም ሁልጊዜ የምጠይቀው ይህንኑ ነው» አለ ዓሪፍ። «የጻፉት ውሸት አይደለም፤ ግን ሰው የሚያየው ፊቱን እንደሆነ ያውቃሉ።»

«ሦስት ፍሬ ብስኩት በልቶ የሚያቆም ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔም አላቆምም።»

ሀጂ ሚስባህ አቀርቅረው ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። ፈገግታቸውን ለመደበቅ እንደሆነ ሀስና አወቀች። «ከክሱ አንዱ የከሳሿ ሆነ» አሉ።

አንባቢ እዚህ ላይ በሀስና አይፍረድባት። ከፊደል ጋር ዘግይቶ የተዋወቀ ሰው የታተመን ነገር ከተማረው ሰው ይልቅ ያከብራል፤ ተሳሳተ ቢሉትም ቶሎ አይዋጥለትም። የተማረውም ቢሆን እቃ ሲገዛ ፓኬት የሚያገላብጠው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ሀስና ግን ስሕተቷን ስታይ የማትሸሽ ሴት ናት፤ ወዲያው ሌላ ጥያቄ አነሳች።

«እሺ፣ ብስኩቱ የኔ ጥፋት ነው። ለመሆኑ እናንተ ይህን ካሎሪ እንዴት ነው የምታገኙት? ምግብ ውስጥ ገብታችሁ ትቆጥሩታላችሁ?»

«ካሎሪ ምግቡ ለሰውነት የሚሰጠው ጉልበት መለኪያ ነው። ምግቡን በመሣሪያ አቃጥሎ ሙቀቱን መለካት ይቻላል፤ ግን ያን የሚያደርገው ጥቂት ሰው ነው። አብዛኛው ጊዜ በሂሳብ ነው የሚገኘው። ይህን ያህል ስብ፣ ይህን ያህል ፕሮቲን፣ ይህን ያህል ስታርች አለው እንልና እያንዳንዱን በአማካይ ቁጥር እናባዛለን።»

«አማካይ ማለት ግምት ነው?»

«የተጠና ግምት ነው። የእኛ አካባቢ የሀብሩ ማንጎና የሌላ አገር ማንጎ እኩል አይጣፍጥም፤ ሰንጠረዡ ላይ ግን ሁለቱም ማንጎ ናቸው። በአንዳንድ አገር ሕጉ ራሱ ፓኬት ላይ የተጻፈው ከእውነተኛው እስከ ሃያ በመቶ ቢለያይ ይታገሳል።»

«አንድ አምስተኛ ቢጎድልም ቢተርፍም ሕጋዊ ነው እያልከኝ ነው?»

«ለፓኬት፣ አዎ። የኔ ቁጥር ግን ከዚያ የተሻለ ነው» አለ ዓሪፍ፤ በዚህ ጊዜ ድምፁ ትንሽ ኮራ ብሎ ነበር። «እዚሁ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ነው የመዘንኩት። ቢሳሳት ቢሳሳት ከመቶ አሥር ቢሆን ነው።»

ይህን ብሎ ሳይጨርስ ምግቡ ደረሰ። አስተናጋጁ ከሩቅ ሀጂን ሲያይ ፈገግ ብሎ በመጀመሪያ የእሳቸውን አስቀመጠ፤ ቀጥሎ የሀስናን፣ ቀጥሎ የዓሪፍን። ሦስቱም ያዘዙት ሽሮ ነበር። ዓሪፍ ለመቁረስ እጁን ከዘረጋ በኋላ መልሶ ሰበሰበው። አንዴ የራሱን ሳህን፣ አንዴ የሀጂን እያየ ቆየ።

የእሱ ሳህን ላይ አንድ እንጀራ ተነጥፎ ሽሮው መሐል ላይ ነው። የሀጂ ሳህን ላይ ግን ከሥር ሁለት እንጀራ ተደራርቧል፤ ሽሮው ላይ ደግሞ የቀለጠ ቅቤ ተንጣልሎ ጠርዙ ድረስ ደርሷል።

«ሀጂ፣ ሽሮ በቅቤ ነው ያዘዙት?»

«ኧረ ቅቤ አላዘዝኩም። ይህ ምርቃት ነው።»

«ሁለተኛው እንጀራስ?»

«እሱም ምርቃት ነው። የለይላ አባት ወዳጄ ነበር፤ አላህ ይዘንለት። ልጅቱ እንዲያው ታከብረኛለች።»

«ሁልጊዜ እንደዚህ ነው?»

«ሁልጊዜ ነው» አሉ ሀጂ፤ ጥያቄው ግራ እያጋባቸው።

«ሁሉንም ይበሉታል?»

«የአላህ ኒዕማ፣ ጸጋው ይጣላል እንዴ? ሳህን ላይ መተውስ ለባለቤቷ ነውር አይሆንባትም?»

ሀስና መቁረስ አቁማ ባሏን አየቻቸው። «ሀጂ፣ ይህን ለምን አልነገሩኝም?»

«ምኑን?»

«ቅቤውን። ሁለተኛውን እንጀራ።»

«ምን በሉ ስትዪኝ የበላሁትን ነገርኩሽ፤ ሽሮ። ምርቃት ይቆጠራል እንዴ?» አሉ ሀጂ፤ በቅንነት ነበር የጠየቁት። «አንድ ኪሎ ብርቱካን ሸጬ ሁለት ፍሬ ብመርቅ ገዢው አንድ ኪሎ ገዛሁ ነው የሚለው። ኪሎ ከሁለት ፍሬ ገዛሁ የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ሀስናም ገበያ ወጥታ ስትመለስ ምርቃቱን ቆጥራ አታውቅም። በመርሳም ሆነ በወልድያ ምርቃትን ከዋጋውና ከሚዛኑ ጋር አደባልቆ የሚያስብ ሰው የለም፤ ከሰጪው ፍቅር ጋር ነው የሚታሰበው። ሀጂ አልዋሹም። የተጠየቁትን፣ በአገሩ ሰው አቆጣጠር፣ በትክክል ሲመልሱ ነው የከረሙት። ይህ ሐሳብ ሲገባት ከብዷት የከረመው ነገር ቀለላት። ዓይኗ እንባ ሊያቀር ሲል ወደ ሳህኗ አጎንብሳ ቆረሰች።

ዓሪፍ ግን የሳይንስ ሰው ስለሆነ በማየት ብቻ አልረካም። ለይላን አስጠራና ሥጋ የምትመዝንበትን ሚዛን እንድታውሰው ለመናት። ለይላ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ሚዛኑን ይዛ መጣች። ወገቧን ይዛ የምትናገር፣ ቤቱ እስኪሰማ የምትስቅ ሴት ናት።

«መምህር፣ ዛሬ ደግሞ የሀጂን ምሳ ልትወርስ ነው?»

ዓሪፍ ትርፉን እንጀራ መዘነ። ቅቤውን ምን ያህል እንደምታፈስ ሲጠይቃት ለይላ አንድ የሾርባ ማንኪያ አንስታ ሁለት ጊዜ በአየር ላይ ቀዳች። ከዚያ በኋላ ወረቀት ሳይፈልግ አሰላው። «ትርፍ እንጀራው አራት መቶ ገደማ ነው። ቅቤው ሁለት መቶ ይጠጋል። ለይላ፣ ይህ ሳህን ስድስት መቶ አይደለም። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው።»

«እጥፍ?» አለች ሀስና።

«እጥፍ። እኔ ደግሞ ከመቶ አሥር ብዬ ስምል ነበር» አለ ዓሪፍ። ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ግን ነገሩን አልሸፈነም። «የመዘንኩት በጠዋት ነው። ደንበኛ ገና አልገባም ነበር። ለይላን እንደ ደንቡ ሥሪ አልኳት፤ እንደ ደንቡ ሠራች። ቁጥሩ ለዚያ ሳህን እውነት ነው። ሀጂ ግን ያን ሳህን አንድም ቀን በልተውት አያውቁም። ሀጂ፣ ቅድም ስለጠረጠርኩዎት ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«አብሽር ልጄ፣ አይዞህ» አሉ ሀጂ። «አንተ ዛሬ ነው የጠረጠርከኝ።» ይህን ሲሉ ወደ ሚስታቸው አላዩም፤ ባለማየታቸው ግን ለማን እንደተናገሩ ሀስና በደንብ ተሰማት።

ለይላ ቅር አላት። «ቆይ፣ አሁን ጥፋተኛዋ እኔ ልሆን ነው? የአባቴን ወዳጅ እንደ መንገደኛ በደረቅ ሳህን ልሸኛቸው? ሰው ምን ይለኛል?»

«ማንም ጥፋተኛ አልሆነም» አለ ዓሪፍ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሀጂን የምታከብሪያቸው እንዲኖሩልሽ አይደለም?»

«ታዲያስ።»

«ይህ ቅቤ በየሳምንቱ ወደ መርፌ እየገፋቸው ነው።»

የለይላ ቅሬታ ከፊቷ ጠፋ። ስለ መርፌው ገና አሁን መስማቷ ነበር። ሀስና የሐኪሙን ቃል ባጭሩ ነገረቻት፤ ለይላም ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እትዬ ሀስና፣ እሳቸው ስኳር እንዳለባቸው እኔ ማን ነግሮኝ?»

«ምነው ሀጂ፣ አልነገሯትም?»

«ምግብ ሊበላ የገባ ሰው ሕመሙን ያወራል?» አሉ ሀጂ።

«ያወራል» አለች ሀስና። «ከዛሬ ጀምሮ ያወራል።»

«ክብር የሚገለጠው በቅቤ ብቻ አይደለም» ሲል ዓሪፍ ቀጠለ። «ጎመን አለሽ፣ ቲማቲም በቃሪያ አለሽ፣ ሎሚ አለሽ። የሀጂ ሳህን ላይ ከማንም ሳህን የበዛ ጎመን ብታደርጊ ሰው ሁሉ ያያል፤ እሳቸውም ሳይጎዱ ይጠግባሉ። ምርቃቱ ይቅር አላልኩም፤ ዓይነቱ ይቀየር ነው ያልኩት። ሁለተኛውን እንጀራ ደግሞ ሲጠየቅ ብቻ አምጪ።»

«ሲጠየቅ ብቻ?» አለች ለይላ። «እንጀራ አንሶበት አንገቱን እያስረዘመ አስተናጋጅ የሚፈልግ እንግዳ በኔ ቤት?»

«አንገቱን የሚያስረዝመው አንሶት ነው፤ ያላነሰውስ ስላመጣሽለት ብቻ ይበላል። ሀጂን ጠይቂያቸው።»

ሀጂ ሳቁ። «እውነቱን ነው። ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጠግቤያለሁ። ግን ተቀምጧል።»

ሀስና ይህን ሁሉ ስትሰማ ቆይታ የምግብ ዝርዝሩን በእጇ ገፋችው። «እንግዲያው ይህ ቁጥር ምን ይሠራል? ፓኬቱ ላይ ያለው አንድ አምስተኛ ይስታል፤ እዚህ ያለው እጥፍ ይስታል። በዚህ ቁጥር ምክንያት ሰው ስጠረጥር ከረምኩ። አጥፉትና እንደ ጥንቱ በዓይናችን እንብላ።»

ዓሪፍ መልስ ሊሰጥ ሲል ሀጂ በእጃቸው አስቆሙት። «ይህን ለኔ ተውልኝ» አሉና ወደ ሚስታቸው ዞሩ። «ሀስና፣ እኔ ማንጎ የምገዛው እንዴት ነው?»

«ዛፍ ላይ እንዳለ ነዋ።»

«ሳይለቀም። እርሻው ውስጥ ዞሬ፣ ቅርንጫፉን አይቼ፣ ይህን ያህል ኩንታል ይወጣዋል እላለሁ። ሲለቀም ልክ ያልኩት ሆኖ ያውቃል?»

«አንዳንዴ ይጎድላል፣ አንዳንዴ ይተርፋል።»

«ታዲያ ግምቱ ስለሳተ ዓይኔን ጨፍኜ ልግዛ? ግምቴ የማይረባኝ መቼ መሰለሽ፤ ባለእርሻው ግማሹን እርሻ ሳያሳየኝ የቀረ ቀን ነው። ያየሁትን ሁሉ አይቼ ትንሽ ብስት ንግድ ነው። ያላየሁት ዛፍ ካለ ግን ግምቱ ስንኩል ነው። የዚህ ልጅ ቁጥርም እንደዚያ ነው። ልጁ በደንብ ገምቷል፤ የለይላን ቅቤ ግን ማንም አላሳየውም።»

ዓሪፍ ሀጂን በአድናቆት አያቸው። «እኔ ክፍል ውስጥ በዚህ ልክ አስረድቼ አላውቅም» አለ። «እትዬ፣ ቁጥሩ የሚጠቅመው ለማነጻጸር ነው። ሽሮው ስድስት መቶ፣ ጥብሱ ዘጠኝ መቶ ቢል፣ ሁለቱም ትንሽ ቢስቱ እንኳ የትኛው እንደሚቀል ይነግርዎታል። ልክ እንደ ወርቅ ሚዛን ካመኑት ያሳስትዎታል። ጨርሰው ከጣሉት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ነዎት።»

«ከሁለቱ መሐል ያለው ምንድን ነው?»

«መጠየቅ ነው። ይህ ቁጥር የየትኛው ሳህን ነው? ስንት ፍሬ ነው? ምን ተጨምሮበታል? እነዚህን የጠየቀ ሰው ቁጥሩ አያታልለውም።»

ሀስና የምግብ ዝርዝሩን መልሳ ወደ ራሷ ሳበችው። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። ይህ ይገባኛል። ቁጥሩ ይቆይ። ግን አንተም ዝርዝሩ ላይ ጻፍበት፤ ግምት ነው በል፣ ቅቤና ትርፍ እንጀራ አልተቆጠረም በል። እንደኔ ያለ ሰው የታተመ ሁሉ ቁርጥ ይመስለዋል።»

«እጽፋለሁ» አለ ዓሪፍ። «የሚቀርበውንም ሳህን፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጥቼ እንደገና እመዝናለሁ።»

ለይላ ከሀጂ ሳህን ላይ ትርፉን እንጀራ በገዛ እጇ አነሳችና ጎመን ልታመጣ ወደ ኩሽና ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ ውጤቱ ሀስና የፈራችው ነበር፤ ስኳሩ አልወረደም። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ ተነፈሰ። «ሀጂ፣ አበላልዎ እንዴት ነበር?» ሲል ሀጂ ከመመለሳቸው በፊት ሀስና ተናገረች። በጠዋት ከቤት ስትወጣ ቀድማ ልትናገር ነበር የተነሳችው፤ አሁንም ቀድማ ተናገረች፤ ቃሉ ግን ሌላ ነበር።

«ዶክተር፣ ሀጂ የነገሩዎት ሁሉ እውነት ነው። የሳትነው በቆጠራ ነው።» ብስኩቱን፣ ቅቤውን፣ ሁለተኛውን እንጀራ አንድ በአንድ ነገረችው። የራሷን ጥፋት ከሌሎቹ አላሳነሰችም።

ሐኪሙ እስኪበቃት ሰማት። «ይህ ከደሙ ውጤት የበለጠ ጠቀመኝ» አለ። «ክኒኑ ሰነፈ ብዬ መርፌ ላስጀምር ነበር። ክኒኑን ሳያቋርጡ ይውሰዱ፤ ይህን ትርፍ አንሱትና እስከሚቀጥለው ቀጠሮ እንየው። ያኔም አልወርድ ካለ መርፌም ቢሆን መድኃኒት ነው፤ ቅጣት አይደለም።»

ወደ መርሳ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከተማው ወደ ኋላ ቀርቶ እርሻው ሲጀምር ሀስና፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በጠዋት ምን ልትል አስባ እንደነበር ነገረቻቸው። «አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ» አለች።

ሀጂ ከመስኮቱ ወደ እሷ ዞሩ። «በጠዋት ስንመጣ ዝም ማለትሽን ሳይ አንድ ነገር እንዳሰብሽ አውቄ ነበር» አሉ። «አውፍ ብዬሻለሁ። እኔም ላልነገርኩሽ ቅቤ አውፍ በዪኝ።»

«አውፍ ብያለሁ» አለች፤ ሁለቱም ሳቁ። ከፊት የተቀመጠው ሰው ዞሮ እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ።

በቀጣዩ ቀጠሮ ስኳሩ ወርዶ፣ ክብደቱም ቀንሶ ተገኘ፤ ስለ መርፌ ያነሳ አልነበረም። ሀስና አሁን ፓኬት ስትገዛ ከፊቱ በፊት ጀርባውን ታያለች፤ የድርሻውን ብዛት ጠይቃ፣ ለሀጂ ሦስት ፍሬ ቆጥራ ቀሪውን ትዘጋለች። በለይላ ምግብ ቤትም ዝርዝሩ ተለውጧል። ቁጥሮቹ «ከዚህ እስከዚህ» ተብለው ተጽፈዋል፤ ከሥራቸውም ትርፍ እንጀራና ተጨማሪ ቅቤ እንዳልተቆጠረ በትልቅ ፊደል ታትሟል። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው ደንበኞች ሕመማቸውን ሳያፍሩ መናገር ጀምረዋል፤ ለይላም ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ምርቃት ታውቃለች። ቁጥርን እንደ ቁርጥ ፍርድ መያዝ ሰውን ያስጠረጥራል፤ ቁጥርን መናቅም ያሳውራል። ምን ተቆጥሮ ምን እንደቀረ የሚጠይቅ ሰው ግን ጤናውንም የቤቱን ሰላምም ይጠብቃል።

ሀጂ ሚስባህ ከወልድያ ሲመለሱ የበሉትን ከነምርቃቱ ይናገራሉ። ሀስናም ታምናቸዋለች።